ጨውም ልክ አለው

ውድ የዚህ ዓምድ ተከታታዮች፣ በዚህ ወር የምናነሣው ነገር ከማንኛችሁም ጓዳ የማይጠፋ፣ ዋጋው ከሌላው አስቤዛ ሁሉ የሚያንስ፣ ሆኖም ሲጎድልም ሲበዛም ሰውን የሚጎዳ ነገር ነው። እርሱም ጨው ነው።

ስለ መጠነኛነት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ስለ ትርፍ ነገር ነው። ስለ ወርቅ ይወራል፣ ስለ ሠርግ ድግስ ይወራል፣ ስለ ልብስ ይወራል። ትርፍ ነገርን መቀነስ እንደሚገባ ግን ሁሉም ያውቃል፤ ባያደርገውም ያውቃል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ያለ እርሱ መኖር በማንችለው ነገር ላይ ልክን ማወቅ ነው። አስካሪ መጠጥ ሐራም ነው ተብሎ በሩ ተዘግቷል፤ የተዘጋ በር ደግሞ ልክ አይጠይቅም። የጨው፣ የውሃ፣ የእንጀራና የእንቅልፍ በር ግን ክፍት ነው። በየቀኑ እንገባበታለን፣ እንወጣበታለን። ስለዚህ በሩ ላይ ቆመን ልኩን የምንጠብቀው እኛው ራሳችን ነን።

ቁርኣን በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ ላይ መብላትንና መጠጣትን ፈቅዶ ወዲያው ከልክ ማለፍን ይከለክላል። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ የተከለከለው ምግቡ አይደለም፣ ማለፉ ነው። በሱረቱ ር-ራሕማን መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሰማይ ከፍ መደረጉና ሚዛን መቀመጡ በአንድ ላይ ተነሥቶ፣ ሰዎች በሚዛኑ ላይ ወሰን እንዳያልፉም እንዳያጎድሉም ታዘዋል። «ሚዛን» የሚለው ቃል በዐረብኛውም በአማርኛውም አንድ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመናል። የገበያው ነጋዴ በየቀኑ የሚጠራው ቃል ነው፤ ሆኖም ስንቶቻችን ነን ወደ ጓዳችን ይዘነው የምንገባው?

አበው «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። ተረቱ ጨው እንዲጣፍጥ ይነግረዋል እንጂ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ አይነግረውም። ምናልባትም ያን ጊዜ መንገር አላስፈለገ ይሆናል። ጨው እንደ ዛሬ በርካሽ በየሱቁ የሚገኝ ነገር አልነበረምና። በአፋር በረሃ፣ በዳሎል አካባቢ ከአሳሌ ሜዳ ተጠርቦ በግመል ጀርባ ወደ በራህሌና ወደ መቀሌ ሲጓዝ የኖረው አሞሌ በአገራችን ብዙ ቦታዎች እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ቆይቷል። ገንዘብ የሆነን ነገር ማን በማንኪያ እየዛቀ ድስት ውስጥ ይጨምራል? ያኔ ልኩን የሚጠብቀው የመንገዱ ርቀትና የግመሉ ድካም ነበር። ዛሬ መንገዱ አጥሯል፤ ጨውም ረክሷል፤ ልኩን የሚጠብቅ ከእጃችን በስተቀር ሌላ ነገር የለም።

በመጀመሪያ የጨውን ጥቅም መናገር ይገባናል፤ የሚሰደበው ስለ በዛ ሳይረሳ እንዳይቀር። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የተባለው ንጥረ ነገር ከሌለ ነርቭ መልእክት አያስተላልፍም፣ ጡንቻ አይኮማተርም፣ ልብ በሥርዓት አይመታም፤ የሰውነት ውሃም በቦታው አይቆምም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲቆፍር ወይም ሸክም ሲሸከም የሚውል ሰው በላቡ ጨው ያጣል፤ ሸሚዙ ጀርባ ላይ ነጭ ካርታ የሚመስለው ነገር ያው ጨው ነው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ደግሞ ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውም እያጣ ነው የሚደክመው። ውሃ ብቻ ቢያጠጡት የማይነሣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ የተገኘው መድኃኒት፣ በየጤና ጣቢያው በከረጢት የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ.፣ ከጨው፣ ከስኳርና ከጥቂት ሌሎች ነገሮች የተቀመመ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባሻሻለው ቅመም መሠረት ለአንድ ሊትር ውሃ የሚገባው ጨው 2.6 ግራም፣ ግሉኮስ የተባለው ስኳር ደግሞ 13.5 ግራም ነው። በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሕፃናትን ከሞት ያተረፈው ይህ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም፣ ልኩ ነው ምሥጢሩ። ስኳሩ በአንጀት ግድግዳ በኩል ሲያልፍ ጨውን ይዞ ይገባል፤ ውሃውም ጨውን ተከትሎ ይገባል። ስኳሩ ሲበዛ ግን ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል። ጨው ሲበዛ ደግሞ የሕፃኑን ደም አጨውቶ አንጎሉን ሊጎዳ ይችላል።

ከረጢቱ በማይገኝበት ቦታ ላሉ እናቶች በቤት የሚዘጋጀው ይህ ነው፦ በአንድ ሊትር ተፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው አፉ በቢላ ጀርባ የተስተካከለ ይሁን እንጂ የተቆለለ አይሁን። «ትንሽ ብጨምርለት ቶሎ ይነሣል» የሚል ርኅራኄ እዚህ ቦታ ላይ አደገኛ ነው። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ አይቋረጥበት፤ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ካስቀመጠው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

እንግዲህ በሕፃኑ ብርጭቆ ላይ ግማሽ ማንኪያ ጨው እንደዚህ የምታስጨንቅ ከሆነች፣ በአባቱ ሳህን ላይ ስንት ማንኪያ አለ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከአምስት ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። ይህም አፉ የተስተካከለ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ይህ ቁጥር ከጨው ዕቃው ላይ በቀጥታ የምንጨምረውን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ በቀን ውስጥ በማንኛውም መንገድ ወደ ሆዳችን የሚገባውን ሁሉ እንጂ። ችግራችንም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሚጥሚጣውም እንዲሁ። ብዙ ቤት ሽሮውም ሲፈጭ ከቅመሙ ጋር ጨው ይቀላቀልበታል። ወጡ ሲሠራ ደግሞ በርበሬውም ሽሮውም ጨው እንዳለው ተረስቶ እንደገና ይጨመራል። በከተማ ኩሽና የገቡት፣ በወረቀት የተጠቀለሉት የሾርባ ኩቦች (ስማቸውን አንጠራም፤ ማስታወቂያ አያስፈልጋቸውም) ከምንም በላይ ጨው ናቸው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ማዕዱ ሲቀርብ ሚጥሚጣና አዋዜ በጎን ይቀርባል። ቋንጣ ሲሆንማ ሥጋው ራሱ በጨው የደረቀ ነው። በዚህ መካከል አንድ ነገር ያተርፈናል፤ የጤፍ እንጀራ በአብዛኛው ያለ ጨው የሚጋገር መሆኑ ነው። ዳቦ ግን ጨው አለው፤ ጣፋጭ መስሎ የሚሸጠው ብስኩትም አለው።

ባለሙያ ሴት ወጥ ስትቀምስ ልኩን ታውቃለች፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ምላስ የሚያውቀው የለመደውን ነው። ለዓመታት ጨዋማ ምግብ የቀመሰ ምላስ ልኩ የሆነውን አልጫ ይለዋል። የምላስ ሚዛን እንደ ገበያው ሚዛን ማስተካከያ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ጨው ሲበዛ የሚያመጣው ዋነኛ ጉዳት የደም ግፊት ነው። ሰውነት የበዛውን ጨው ለማቅጠን ውሃ ይይዛል፤ በደም ሥር ውስጥ የሚመላለሰው ፈሳሽ ይበዛል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ የደም ሥሮቹም ከጊዜ ብዛት ይደድራሉ። ግፊት እንደ ሌላው በሽታ አያስነጥስም፣ አያስተኛም። በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን በላይ አዋቂዎች የደም ግፊት እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ሲገልጽ፣ ከእነዚህ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ራሳቸው አያውቁትም። ሰውየው ሱብሒ ሰግዶ፣ ሥራ ውሎ፣ ደህና ነኝ እያለ ሳለ አንድ ቀን ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ይለዋል፣ አፉ ይጣመማል፣ ንግግሩ ይተሳሰርበታል። «ድንገት መታው» ይባላል። ድንገት አልነበረም፤ ዓመታት የፈጀ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል፤ ሚስት አስታማሚ ትሆናለች፤ ሴት ልጅ ከትምህርቷ ትቀራለች፤ የቤቱ ገቢ ይቆማል። የኩላሊት መድከምም ከዚሁ ግፊት ጋር የተያያዘ ነው፤ የኩላሊት እጥበት ዋጋ ደግሞ የስንቱን ቤተሰብ ጥሪት እንደ ጨረሰ መናገር አያሻንም።

በዚህ ላይ የተደረገ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ውጤቱ በታተመው በዚህ ጥናት በ32 አገሮች፣ በ52 ቦታዎች የሚኖሩ ከ10,000 በላይ ሰዎች ተመርምረዋል። ከእነዚህ መካከል በብራዚል ደን ውስጥ የሚኖሩት ያኖማሚ የተባሉት ሕዝቦች በምግባቸው ላይ ጨው የማይጨምሩ ሲሆኑ፣ የደም ግፊታቸው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ በዕድሜ መግፋትም እምብዛም አይጨምርም። እኛ «ያው የዕድሜ ነገር ነው» እያልን የምናልፈው ግፊት ሁሉ የዕድሜ አለመሆኑን ይህ ያሳያል። ፊንላንዶችም ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዳቦአቸውና በምግባቸው ውስጥ ያለውን ጨው በአገር ደረጃ እየቀነሱ መጥተዋል። ጨው መቀነሱ ብቻውን ሁሉን ነገር አደረገ ባይባልም፣ ከሌሎቹ እርምጃዎች ጋር ሆኖ በዚያ አገር በልብ በሽታና በስትሮክ የሚሞተው ሰው ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል።

እዚህ ላይ ለወንድሞቻችን አንድ ነገር በግልጽ መናገር እንፈልጋለን። ሐኪም ጨው ቀንስ ያለው አባወራ ቤቱ ይገባል፤ ሚስቱም ሐኪሙ እንዳዘዘው ሠርታ ታቀርባለች። ሁለት ቀን ይታገሣል። በሦስተኛው ቀን «ይህ ደግሞ ምን ወጥ ነው!» ይላል። እርሷም ለሰላም ስትል ጨው ትጨምራለች፤ ወይም ለእርሱ ብቻ በትንሽ ድስት ለብቻው መሥራት ትጀምርና ከአንድ ሳምንት በኋላ ይደክማታል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ምግብን አንድም ጊዜ ነቅፈው እንደማያውቁ፣ ከወደዱት በልተው ካልወደዱት ዝም ብለው እንደሚተዉት አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ማስተላለፋቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ይህ ሱና ጢምን ከማሳደግና ከመስዋክ እኩል ሲነገር ብዙ አንሰማም፤ ሚስቶች ቢጠየቁ ግን ቀዳሚ ያደርጉት ነበር ብለን እንገምታለን።

ለበሽተኛው የተለየ ድስት ከመጣድ ይልቅ የቤተሰቡ ሁሉ ድስት ጨው ቢቀነስበት ይመረጣል። ልጆቹም የዚያው አባት ልጆች ናቸውና። ጨው አነሰኝ የሚል ካለ በሳህኑ ላይ ይጨምር፤ በድስት የገባን ጨው ግን ማንም አያወጣውም። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ምግብ ደግሞ ጨው መጨመር ጨርሶ አያስፈልግም፤ ኩላሊቱ ገና አልጠናም፤ በምግቡና በጡት ወተቱ ውስጥ ያለው ይበቃዋል።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ጨው ማለት ጠላት ነው» ብሎ ተነሥቶ ጨርሶ እንዳይተወው እንፈራለን። ይህም ከልክ ማለፍ ነው። በተለይ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም፤ አዮዲን። እንቅርት በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ለዘመናት የኖረ በሽታ ነው፤ ምክንያቱም አፈሩ በዝናብ ታጥቦ አዮዲን ስላነሰው፣ በዚያ ላይ የሚበቅለውም እህል አዮዲን ስለሚያንሰው ነው። ጉዳቱ በአንገት ላይ በሚታየው እብጠት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ነፍሰ ጡር ሴት አዮዲን በጣም ሲያንሳት የሚጎዳው የጽንሱ አንጎል ነው፤ ልጁ ተወልዶ ትምህርት የማይገባው፣ አልፎም መስማትና መናገር የሚሳነው ሊሆን ይችላል። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮ ግራም፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት የሚያስፈልጋት ደግሞ 250 ማይክሮ ግራም ነው። አንድ ማይክሮ ግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው! ይህችን የማትታይ ነገር ወደ እያንዳንዱ ቤት ለማድረስ ከጨው የተሻለ መጫኛ አልተገኘም፤ ደሃውም ሀብታሙም ጨው ይገዛልና።

በእኛ አገር አዮዲን ያለው ጨው ቀድሞ በብዛት ይመጣ የነበረው ከአሰብና ከምጽዋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ይህ ተቋረጠ፤ በምትኩ የአፋሩ የአፍዴራ ሐይቅ ጨው አገሩን ሞላ፤ ነገር ግን አብዛኛው አዮዲን ሳይጨመርበት ነበር የሚሸጠው። እ.ኤ.አ. በ2011 ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ በ15 ያህሉ ቤት ብቻ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት ግን ወደ 89 ከፍ ብሏል። ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ጨው ውስጥ ገባ ማለት ሆድ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። አዮዲን በሙቀት፣ በእርጥበትና በፀሐይ ይጠፋል። ጨው ክዳን በሌለው ጣሳ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ሲከርም፣ ወይም ወጡ ገና ሲቁላላ ተጨምሮ ለረጅም ጊዜ ሲንተከተክ፣ ከአዮዲኑ ብዙው በእንፋሎት ይሄዳል። ክዳን ያለው ደረቅ ዕቃ፣ ከእሳት ራቅ ያለ መደርደሪያ፣ ጨውንም ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር፤ ይኸው ነው የሚፈለገው፤ ገንዘብ አያስወጣም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአንዳንድ ሱቆች በውድ ዋጋ የሚሸጥ ሮዝ ጨው መጥቷል። «ጤናማ ነው፣ ግፊት አያመጣም» እየተባለ ይወራል። ቀለሙ ያማረ ነው፤ ሶዲየሙ ግን ያው ነው፤ አዮዲን ካልተጨመረበት ደግሞ ከተራው ጨው የሚያንስ ይሆናል።

ጨውን ካነሣን ውሃን ማንሣታችን የግድ ነው፤ በሰውነታችን ውስጥ የሚኖሩት አብረው ነውና። አነስ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ፣ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሆነ ውሃ ይታጠቡ ነበር። ሙድ ማለት የመካከለኛ ሰው ሁለት እጅ ተገጥሞ የሚይዘው ልክ ነው፤ አንድ ሊትር አይሞላም። ሷዕ አራት ሙድ ነው። አሁን አንድ ሙከራ አድርጉ። በሚቀጥለው ሶላት ጊዜ ከቧንቧው ሥር ባልዲ አስቀምጡና ቧንቧውን ክፍት አድርጋችሁ እንደ ወትሮው ውዱእ አድርጉ። ስትጨርሱ በጆግ ለኩት። በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ውሃ በፈረቃ የሚመጣ፣ እናቶችም በሌሊት ተነሥተው ጀሪካን የሚሞሉ መሆኑን እያወቅን፣ ለዒባዳ ስንዘጋጅ የሌላውን ሰው ሐቅ እያፈሰስን እንዳይሆን ያሰጋል። አንዳንድ ወንድሞች ደግሞ ውስዋስ ይዟቸው አንዱን አካል አምስቴ፣ ስድስቴ ያጥባሉ። ኡለማዎች ከሦስት በላይ መጨመርን የሚጠሉት እንዲያው አይደለም።

የመጠጥ ውሃም ልክ አለው። በረመዳን ለቀኑ ጥም ስንቅ ይሆነኛል ብሎ በሱሑር ሰዓት ሁለት ሦስት ሊትር በአንድ ትንፋሽ የሚጠጣ ሰው አለ። ኩላሊት ግን ትርፉን ውሃ ያዙኝ ብትሉት አይዝም፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያወጣዋል። ሰውየውም ከፈጅር በኋላ ሽንት ቤት ሲመላለስ ያረፍድና እኩለ ቀን ላይ እንደማንኛውም ሰው ይጠማዋል። ውሃን ከመግሪብ እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ከፋፍሎ መጠጣት፣ በሱሑር ደግሞ ጨዋማ ምግብ አለመብላት የተሻለ ስንቅ ነው። ከልክ ያለፈ ውሃ በደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ ሕይወት እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶንን ሮጠው ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች መካከል 13 ከመቶ የሚሆኑት የደማቸው ሶዲየም ከልክ በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሩጫው ላይ ካላባቸው በላይ የጠጡ ነበሩ። ውሃ እንኳ!

ስለ ስኳር ብዙ አንልም፤ ሌላ ጊዜ ራሱን ችሎ እንመለስበታለን። ለዛሬ ይህችን ብቻ፦ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አራት ግራም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር መሠረት ለአዋቂ ሰው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል። በሻይ ሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጨምር፣ በቀንም አምስት ስኒ የሚጠጣ ሰው ሒሳቡን ራሱ ይሥራ። በማፍጠሪያ ሰዓት በቴምሩ ጎን የሚቀርበው ለስላሳ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው።

ማፍጠሪያውን ካነሣን አይቀር፣ ጾም የምግብ ወጪን የሚቀንስ ወር መሆን ሲገባው በብዙ ቤት አስቤዛ የሚጨምርበት ወር ሆኗል። ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ ጥብሱ፣ ጭማቂው ተደርድሮ ግማሹ ይደፋል። እህቶቻችን ከዙሁር ጀምሮ ዘይት ላይ ቆመው ስለሚውሉ ቁርኣን ለመቅራት ቀርቶ ለማረፍም ጊዜ አያገኙም። በተራዊሕ ሰዓት ከኋላ ረድፍ የሚሰማው ማግሣት የሚነግረንም ነገር አለ። የሆድን ሲሶ ለምግብ፣ ሲሶ ለመጠጥ፣ ሲሶ ለትንፋሽ ማድረግን የሚያስተምረውና ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲስ በየመስጊዱ ሲነገር ይሰማል፤ ያም ሐዲስ ሰው ጀርባውን የሚያቀናበት ጥቂት ጉርሻ እንደሚበቃው ካስረዳ በኋላ ሲሶውን ያስቀመጠው የግድ መጨመር ለፈለገ ሰው ነው። እኛ የመጨረሻውን ጣሪያ መነሻ አድርገነዋል።

ይሁን እንጂ ስለ ልክ ስንጽፍ ሁሉም ሰው ተርፎት የሚኖር አስመስለን እንዳንጽፍ እንጠነቀቃለን። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶ 37ቱ ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች አጥረዋል፤ ይህም ምግብ ለረጅም ጊዜ ስለጎደላቸው ነው። ለእነዚህ ቤቶች «አትብዙ» የሚል ስብከት ስድብ ይሆናል። ለእነርሱ ልክ ማለት መሙላት ማለት ነው።

በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ አንዱ ከልክ አልፎ ሌላው ከልክ በታች የሚሆንበት አለ። አባወራው ከጓደኞቹ ጋር በጫትና በምሳ ቀኑን አሳልፎ ሲገባ፣ ቤት ውስጥ ያለችው ነፍሰ ጡር ከሁሉ በኋላ የተረፈውን ትበላለች። ይህን በሚመለከት ከሂንድ ቢንት ዑትባ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም። ሂንድ የአቡ ሱፍያን ሚስት ነበረች። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ ባሏ እጁ የሚያጥር ሰው መሆኑን፣ ለእርሷና ለልጆቿ የሚበቃ እንደማይሰጣት፣ እርሱ ሳያውቅ ከገንዘቡ ካልወሰደች በቀር እንደማይበቃቸው ነገረቻቸው። እርሳቸውም ለእርሷና ለልጆቿ የሚበቃውን በአግባቡ እንድትወስድ ፈቀዱላት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ፍርዱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ታገሺ ብቻ ብለው አልመለሷትም፤ የፈለግሽውን ውሰጂ ብለውም አልለቀቋትም። የሚበቃሽን አሉ፣ በአግባቡ አሉ። በሱረቱል ፉርቃን 67ኛው አንቀጽ ላይ የደጋግ ባሮች ወጪ በማባከንና በመሰሰት መካከል የቆመ መሆኑ የተገለጸው በተግባር ሲተረጎም ይህን ይመስላል።

ወደ ጓዳችን እንመለስና የጨውን ነገር እንጨርስ። ጨው መቀነስ ለሚፈልግ ቤተሰብ የምንመክረው በአንድ ቀን አይሁን ነው። የወሩን ጨው በአንድ ዕቃ ለብቻ ለክታችሁ አስቀምጡና ስንት ቀን እንደ ቆየ ጻፉ። ለቤተሰቡ ቁጥር አካፍሉት። ከበርበሬና ከዳቦ የሚገባው ሳይቆጠር እንኳ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በላይ ከሆነ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቀንሱ። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዲሱን ልክ ይለምዳል፤ የድሮው ወጥ ተመልሶ ቢቀርብለት ያን ጊዜ እርሱ ራሱ ጨው በዛ ይላል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላና ሎሚ የጨውን ጉድለት ለመሸፈን የተሠሩ ይመስላሉ፤ እነዚህ ሁሉ ደግሞ በአገራችን ገበያ ሞልተዋል። በርበሬና ሽሮ በራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ በዝግጅቱ ጊዜ ጨው አታስገቡበት፤ ወጡ ላይ ብቻ ሲጨመር ልኩን ለማወቅ ይቀላል።

ዕድሜያችሁ ከሠላሳ ያለፈ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ግፊታችሁን ተለኩ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ላይኛው ቁጥር 140፣ ታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያየ ቀን ከተደጋገመ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። መድኃኒት የጀመረ ሰው ጨው ስለቀነሰ ብቻ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አያቁም። ከውጭ በዘመድ እጅ የሚመጣውን፣ በሶዲየም ፈንታ ፖታሲየም ያለበትን ምትክ ጨው ደግሞ ኩላሊቱን የሚታመም ወይም አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይጠቀምበት እናሳስባለን፤ በደም ውስጥ ፖታሲየም ሲበዛ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላልና። ወላሁ አዕለም።